አሜሪካ የቀረውን 401ኬ ባሕር ዳር ሆኖ ማውጣት፦ ከሀ እስከ ፐ

ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይም ዳላስ ሠርተው ወደ ባሕር ዳር ከተመለሱ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ አንድ ያልተቋጨ ጉዳይ አለባቸው። ከደመወዛቸው እየተቆረጠ 401ኬ በሚባል የአሠሪ ፕላን የተጠራቀመው የጡረታ ገንዘብ እዚያው ቀርቷል። እዚህ ደግሞ ጣሪያ የሚጠብቅ ቤት አለ፣ ልጅ ይዳራል፣ ሱቅ ይከፈታል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «401ኬዬን እንዴት ላውጣው?»

ቅጹን መሙላት ቀላል ነው። ከባዱ የሚወጣበትን ዓመት መምረጥ ነው። ያው 30,000 ዶላር አንዱን ሰው ከ8,000 ዶላር በላይ ያስከፍለዋል፣ ሌላውን 3,000 ብቻ። ሁለቱም ሕጉን አክብረው ነው የሚከፍሉት። ስለዚህ «ዊዝድሮው» የሚለውን ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ጨርሱ።

1. ገንዘቡ ማን ጋ እንዳለ አጣሩ

401ኬ የተቀመጠው የቀድሞ አሠሪያችሁ ካዝና ውስጥ አይደለም። ሒሳቡን የሚይዝ «ሪከርድ ኪፐር» የሚባል ሌላ ድርጅት አለ፤ ፊደሊቲ፣ ቫንጋርድ፣ ኢምፓወር፣ ፕሪንሲፓልና የመሳሰሉት። አሠሪው ድርጅቱን ሊቀይር ይችላል። አሠሪው ራሱ ተሽጦ ስሙ ተቀይሮም ሊሆን ይችላል። እናንተ ከወጣችሁ አምስት ዓመት ካለፈ፣ ድሮ ትገቡበት የነበረው ዌብሳይት ላይ ምንም ባታገኙ አትደንግጡ።

ከአሮጌ ወረቀቶቻችሁ ውስጥ ደብልዩ-2ን፣ ማለትም አሠሪው በየዓመቱ የሚሰጣችሁን የደመወዝና የታክስ ወረቀት፣ ፈልጉ። ሣጥን 12 ላይ «ዲ» ከሚለው ፊደል ጎን ያለው ቁጥር በዚያ ዓመት ወደ 401ኬ ያስገባችሁት ነው። ሣጥን «ቢ» ላይ የአሠሪው መለያ ቁጥር አለ። ይህን ይዛችሁ የድሮ መሥሪያ ቤታችሁን ኤች አር «ሪከርድ ኪፐሩ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አሠሪው ከጠፋ፣ የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በ2024 መጨረሻ የጀመረው የጠፋ ጡረታ መፈለጊያ ዌብሳይት አለ። በሎግኢን ዶት ጎቭ አካውንት ይገባል፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁ ይፈልጋል።

ትንሽ ገንዘብ ከነበራችሁ ሌላ ነገርም ልብ በሉ። ከ1,000 ዶላር በታች ከሆነ ፕላኑ ሳይጠይቃችሁ ቼክ ጽፎ ወደ ድሮ አድራሻችሁ ልኮት ሊሆን ይችላል። ከ1,000 እስከ 7,000 ከሆነ ደግሞ በስማችሁ አይአርኤ (ከአሠሪ ውጭ በግል የሚያዝ የጡረታ ሒሳብ) ከፍቶ አዛውሮት ይሆናል። ከ7,000 በላይ ከሆነ ግን የጡረታ ዕድሜ ሳይደርስ ያለ ፈቃዳችሁ ሊያስወጣችሁ አይችልም። ማንም አያባርራችሁምና አትቸኩሉ።

2. የእናንተ የሆነውን ለዩ

እስቴትመንቱ ላይ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ። አንዱ ጠቅላላ ባላንስ ነው። ሌላው «ቬስትድ ባላንስ» ይላል። የእናንተ ሁለተኛው ነው። ከደመወዛችሁ የተቆረጠው ሁልጊዜም መቶ በመቶ የእናንተ ነው። አሠሪው «ማች» ብሎ የጨመረው ግን በአገልግሎት ዘመን ይወሰናል። አንዳንዱ ፕላን ሦስት ዓመት ካልሞላ ምንም አይሰጥም። ሌላው እስከ ስድስት ዓመት ድረስ ቀስ በቀስ ይሰጣል። ሁለት ዓመት ሠርታችሁ ከወጣችሁ ማቹ ሊቀር ይችላል።

ከ401ኬው ተበድራችሁ ሳትጨርሱ ከነበረ፣ ያልተከፈለው ብድር እንደወጣ ገንዘብ ተቆጥሮ ታክስ ይመጣበታል። ይህንንም ጠይቁ።

3. ለአይአርኤስ (ለአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) እናንተ ማን ናችሁ?

የአሜሪካ ዜጋ ከሆናችሁ፣ የትም ብትኖሩ ታክስ ፋይል ታደርጋላችሁ። ሙሉ ገንዘቡን ስታወጡ ፕላኑ 20 በመቶውን ቆርጦ ለአይአርኤስ ይልካል። ይህ ቅድመ ክፍያ እንጂ የመጨረሻው ሒሳብ አይደለም። ዓመቱ ሲያልቅ ፋይል ስታደርጉ ወይ ይመለስላችኋል፣ ወይ ትጨምራላችሁ።

ግሪን ካርድ ያላችሁም እንደዚያው ናችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ካርዴ ጊዜው አልፏል፣ እኔ እኮ አምስት ዓመት አልተመለስኩም» ይላል። የካርዱ ጊዜ ማለፍ ብቻውን ከታክስ ግዴታ አያስወጣም። ፎርም አይ-407 ሞልታችሁ ነዋሪነቱን እስካልመለሳችሁ፣ ወይም መንግሥት በይፋ እስካልወሰነ ድረስ በአይአርኤስ ዓይን አሁንም ነዋሪ ናችሁ። ካርዱን ካለፉት 15 ዓመታት ውስጥ በ8ቱ ይዛችሁት ከነበረ፣ መመለሱ ራሱ ፎርም 8854 የሚባል ሌላ ጣጣ ያመጣል። ያን ጊዜ የታክስ ባለሙያ መክፈል ያዋጣል።

ግሪን ካርዱን በሥርዓት የመለሳችሁ፣ ወይም በሥራ ቪዛ ሠርታችሁ የተመለሳችሁ ከሆነ «ነን ሬዚደንት» (ነዋሪ ያልሆነ) ናችሁ። ፕላኑ ደብልዩ-8ቤን የሚባል ቅጽ ያስሞላችሁና 30 በመቶ ይቆርጣል። አንዳንድ አገሮች ከአሜሪካ ጋር ባላቸው የታክስ ስምምነት ይህ ይቀንስላቸዋል። ኢትዮጵያ ግን ከአሜሪካ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም። ቢሆንም 30ው የመጨረሻ ላይሆን ይችላል። ገንዘቡ አሜሪካ ውስጥ ከሠራችሁት ሥራ የመጣ ስለሆነ፣ 1040-ኤንአር የሚባለውን የታክስ ቅጽ ስታስገቡ ከፊሉ ሊመለስላችሁ ይችላል።

4. ዕድሜና የአሥር በመቶው ቅጣት

ሁሉም ሰው የሚያውቀው ሕግ 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላ ካወጣችሁ ከታክሱ በላይ 10 በመቶ ቅጣት አለ የሚለውን ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ከዚህ ነፃ የሚያወጣውን ነው።

የሰፈራችን አንድ ጋሼ አሉ፤ ሜሪላንድ ሆቴል ውስጥ ሠርተው የተመለሱ። ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ስልካቸውን አውጥተው እስቴትመንቱን አሳዩኝ።

«ልጄ፣ አሥር ፐርሰንት ይቆረጥብሃል ብለውኛል። አንድ ዓመት ልታገሥ ወይስ ላውጣው?»

«ጋሼ፣ ሥራውን ሲለቁ ዕድሜዎ ስንት ነበር?»

«ሃምሳ ስድስት።»

«እንግዲያው ቅጣቱ እርስዎን አይመለከትም።»

«እንዴት ተደርጎ?» ብለው ስኒውን አስቀመጡ። «ወደ አይአርኤ አዛውረውና ከዚያ አውጣው ያሉኝስ?»

እሱን ቢያደርጉት ኖሮ ነበር የሚቀጡት። ሕጉ እንዲህ ነው፦ 55 ዓመት በሚሞላችሁ ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ሥራውን ከለቀቃችሁ፣ ከዚያው አሠሪ ፕላን ስታወጡ የ10 በመቶው ቅጣት የለም። ወሳኙ ሥራ የለቀቃችሁበት ዓመት ነው። በ52 ለቅቃችሁ በ56 ብታወጡ አይሠራም። ገንዘቡ ወደ አይአርኤ ከተዛወረ ይህ መብት ይቀራል። ጋሼ እዚያው ትተውት ከዚያው ሊያወጡ ወሰኑ።

ከባድ የአካል ጉዳትና ከፍተኛ የሕክምና ወጪም ከቅጣቱ ነፃ ያወጣሉ፤ ማስረጃቸው ግን ጥብቅ ነው።

5. ዓመቱን ምረጡ

ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው። ስለዚህ በደንብ ልዘርዝረው። ቁጥሮቹ በ2025 የአሜሪካ ታክስ ዓመት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ሰውየው ያላገባ ዜጋ ነው፣ ዕድሜው 45፣ ባላንሱ 30,000 ዶላር።

አሜሪካ እያለ 50,000 ዶላር ደመወዝ ባገኘበት ዓመት አወጣው እንበል። 30,000ው ደመወዙ ላይ ይደረባል። ግማሽ ገደማው 12 በመቶ ታክስ ውስጥ ይገባል፣ የቀረው 22 በመቶ ውስጥ። የተጨመረው ታክስ 5,177 ዶላር ግድም ይሆናል። ቅጣቱ 3,000። ድምር 8,177። ፕላኑ ቆርጦ የያዘለት 6,000 ብቻ ነው። ፋይል ሲያደርግ 2,177 ዶላር ያወጣል። ገንዘቡ ግን እስከዚያ ሲሚንቶና ብረት ሆኗል።

አሁን ያው ሰው ተመልሶ ባሕር ዳር ገባ። በቀጣዩ ዓመት ከ401ኬው በቀር ሌላ ገቢ የለውም። ላላገባ ሰው የ2025 መደበኛ ተቀናሽ 15,750 ዶላር ነው። ያን ያህሉ ታክስ አይነካውም። ቀሪው 14,250 ላይ ታክሱ 1,471 ይሆናል። ከቅጣቱ ጋር 4,471። ከተያዘው 6,000 ላይ 1,500 ግድም ይመለስለታል።

ሦስተኛውን እዩ። ፕላኑ ከፋፍሎ ማውጣት ይፈቅድ እንደሆነ ጠየቀ፣ ይፈቅዳል። 15,000 በዲሴምበር፣ 15,000 በጃንዋሪ አወጣ። ሁለቱ ክፍያዎች በአንድ ወር ልዩነት ሁለት የታክስ ዓመት ላይ አረፉ። በሁለቱም ዓመት ከመደበኛው ተቀናሽ በታች ስለሆነ የገቢ ታክስ የለም። የሚከፍለው ቅጣቱን 3,000 ብቻ ነው። 59 ተኩል የሞላው ቢሆን ደግሞ እሱም ይቀርለት ነበር።

ስለዚህ የአሜሪካ ዓመት የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ በእኛ ታኅሣሥ 22 መሆኑን ያዙ። የእኛ በጀት በሰኔ 30 ስለሚዘጋ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ታኅሣሥ 20 ላይ ብትጠይቁ ክፍያው በየትኛው ዓመት እንደሚመዘገብ አታውቁም። የመጀመሪያውን ኅዳር መጨረሻ ላይ ጠይቁት።

ይህ የመከፋፈል ስሌት ለነን ሬዚደንት አይሠራም፤ መደበኛው ተቀናሽ አይሰጣቸውም። እዚህ ሌላ ገቢ ካላችሁም ስሌቱ ይለወጣል።

የስቴት ታክስም አለ። ቴክሳስና ፍሎሪዳ የላቸውም፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አላቸው። ከ1996 ጀምሮ ባለ የፌዴራል ሕግ፣ ነዋሪዋ ካልሆናችሁ አንድ ስቴት የ401ኬ ገንዘባችሁን ታክስ ማድረግ አይችልም። ነገር ግን ፕላኑ ላይ ያለው አድራሻ የአክስታችሁ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤት ከሆነ፣ ፕላኑ የሜሪላንድ ነዋሪ ናችሁ ብሎ የስቴቱንም ሊቆርጥ ይችላል። ለማስመለስ ደግሞ ለስቴቱ ለብቻው ፋይል ማድረግ ነው።

6. ስም፣ ልደት፣ ስልክና ባንክ

የእኛ ሰው ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚንጠለጠለው እዚህ ነው።

ስም። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ የአያት ስም «ላስት ኔም» ሆኖ ይገባል፣ ፓስፖርቱ ላይ የአባት ስም። ኃይለማርያም አንዱ ጋ ተያይዞ፣ ሌላው ጋ ለሁለት ተከፍሎ ይጻፋል። ሪከርድ ኪፐሩ የሚያውቀው አሠሪው የመዘገበውን ነው። ከባንካችሁ ስም ጋር ካልገጠመ ክፍያው ይመለሳል። ገንዘቡን ከመጠየቃችሁ በፊት «በእናንተ ዘንድ ስሜ እንዴት ተጽፏል? ፊደል በፊደል ንገሩኝ» በሉ።

ልደት። በስደተኛ ፕሮግራም ከገቡት ውስጥ ስንቱ ነው ጃንዋሪ 1 የተወለደው! የልደት ቀኑ በየቦታው አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። በእኛ አቆጣጠር የተመዘገበ ልደት ሳይቀየር አልፎ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጃችሁ ከሆነ፣ ስለ 55 እና 59 ተኩል ያነበባችሁት ሁሉ ይዛባል።

ስልክ። የማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ወደ አሜሪካ ቁጥራችሁ ነው። ቁጥሩ ከተዘጋ በር ላይ ቆማችሁ ቀራችሁ ማለት ነው። ገና ያልተመለሳችሁ ካላችሁ ቁጥሩን በኢንተርኔት ወደሚሠራ አገልግሎት አዛውራችሁ ኑ፣ ኮዱን ራሱ የሚያወጣ ኦተንቲኬተር አፕም ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ኮዱ በደቂቃዎች ውስጥ ያረጃል። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ያየነውን አንረሳም። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆናችሁ ግቡ።

ባንክ። አብዛኞቹ ፕላኖች ገንዘቡን በቀጥታ የሚያስገቡት በስማችሁ ወዳለ የአሜሪካ ባንክ ነው። ከሌለ ቼክ በፖስታ ይልካሉ። እዚህ ቤት ለቤት ፖስታ የለም፤ ፖስታ ሣጥን ካላችሁ እሰየው፣ ቼኩ እስኪመጣ መጠበቁ ግን አለ። መጥቶም የውጭ ቼክ እዚህ ባንክ መመንዘር ጊዜ ይፈጃል። የአሜሪካ አካውንታችሁን አትዝጉ፤ ጥቂት ዶላር አስቀምጡበትና አልፎ አልፎ አንቀሳቅሱት። አድራሻ ወይም የባንክ ቁጥር ከተቀየረ በኋላ ክፍያን ለተወሰኑ ቀናት የሚያግዱ ፕላኖች ስላሉ፣ ለውጡን ቀድማችሁ ጨርሱ።

ገንዘቡን ማውጣት ሳይሆን ወደ አይአርኤ ማዛወር ከፈለጋችሁም ይህን ከመምጣታችሁ በፊት አድርጉት። የኢትዮጵያ አድራሻ ላለው ሰው አዲስ አይአርኤ የማይከፍቱ ብዙ ድርጅቶች አሉ።

7. መደወልና ማስገባት

ዌብሳይቱ ካስገባችሁ ሁሉንም እዚያው መጨረስ ይቻላል። ካልሆነ መደወል ነው። የምሥራቅ አሜሪካ ቢሮ በእነሱ 9 ሰዓት ጠዋት ሲከፈት እኛ ጋ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት 11 ሰዓት ይሆናል። በ800 የሚጀምረው ነፃ ስልክ ከዚህ ላይገባ ስለሚችል፣ ከውጭ አገር ለሚደውሉ የተዘጋጀውን ቁጥር ዌብሳይታቸው ላይ ፈልጉ።

ስልኩን ያነሳችው ልጅ የተጻፈላትን ነው የምታነበው። ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ቅረቡ። ቬስትድ ባላንሴ ስንት ነው? ከፋፍዬ ማውጣት እችላለሁ? የአገልግሎት ክፍያው ስንት ነው? የትዳር ጓደኛ ፊርማ ትፈልጋላችሁ? ኖታሪ ያስፈልጋል? ክፍያው በየትኛው ዓመት ይመዘገባል? የጥሪውን ቁጥርና የሠራተኛዋን ስም ጻፉ።

ኖታሪ (የፊርማ ማረጋገጫ) ካሉ አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ በቀጠሮ ይሰጣል፤ ለአንድ ማኅተም 50 ዶላር ነው። ባሕር ዳር ቆንስላ የለም። ከመሳፈራችሁ በፊት ግን «ኦንላይን ኖታሪ ትቀበላላችሁ?» በሉ። የሚቀበሉ አሉ፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ይቀርላችኋል። «ሜዳሊያን ሲግኔቸር ጋራንቲ» (ፊርማው የእናንተ መሆኑን ባንክ ዋስ የሚሆንበት ማኅተም) ካሉ ነገሩ ይከብዳል። ይህን የሚሰጡት የአሜሪካ ባንኮችና የመሳሰሉት ናቸው፤ ኤምባሲው አይሰጥም። በምትኩ የኤምባሲ ኖታሪ ይበቃ እንደሆነ አለቃቸውን አናግሩ። እዚህ ሰነዶች ማረጋገጫ ያወጣችሁትን ውክልና ይዞ ዘመድ ቢደውልላቸው ግን ብዙ ጊዜ አይሰሙትም።

ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁንና ፓስወርዳችሁን ተቀብሎ «እኔ አወጣልሃለሁ፣ አሥር ፐርሰንት ብቻ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስጡት።

8. ወደ አገር ማስገባት

አሜሪካ ባንክ ከገባ በኋላ በስዊፍት ወደ እዚህ ባንካችሁ መላክ ነው። የባንኩን የስዊፍት ኮድ፣ የሒሳብ ቁጥራችሁንና ስማችሁን ልክ ደብተራችሁ ላይ እንዳለው ጻፉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ከባንክ ባንክ ይለያያል። ሁለት ሦስት ባንክ ጠይቁ። ሁሉንም ወዲያው ወደ ብር መቀየር ካልፈለጋችሁ፣ ከውጭ በመጣ ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ትችሉ እንደሆነ ቅርንጫፉን አነጋግሩ።

ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላችሁ ከሆነ ግን ሌላ ግዴታ ይመጣል። ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ሒሳቦቻችሁ ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ «ኤፍባር» የሚባል ሪፖርት በኢንተርኔት ማስገባት አለባችሁ። ታክስ የለውም፣ ነፃ ነው፤ ባለማስገባት የሚመጣው ቅጣት ግን ከባድ ነው። 24,000 ዶላር በአንዴ ስትልኩ ይህን ገደብ አለፋችሁ ማለት ነው።

9. የታክስ ወረቀቱ

ገንዘቡ በወጣ በቀጣዩ ዓመት ጥር 23 አካባቢ 1099-አር የሚባል ወረቀት ይወጣል። ነን ሬዚደንት ከሆናችሁ 1042-ኤስ ነው፤ እሱ እስከ መጋቢት 6 ሊቆይ ይችላል። ዌብሳይቱ ላይ ይገኛል፤ ፖስታውን አትጠብቁ። 1099-አሩ ላይ ሣጥን 7ን እዩ። 1 ከሆነ ቅጣት አለበት የሚል ምልክት ነው። 2 ከሆነ ነፃ የሚያወጣ ምክንያት አለ ማለት ነው። 7 ከሆነ 59 ተኩል ሞልቷል። እንደ ጋሼ በ55 ሕግ ነፃ ሆናችሁ 1 ቁጥር ከተጻፈ፣ ፎርም 5329 ላይ ምክንያቱን ሞልታችሁ ቅጣቱን ታስቀራላችሁ።

ማስገቢያው ሚያዝያ 7 ነው። ውጭ አገር የምትኖሩ ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላችሁ ሳትጠይቁ እስከ ሰኔ 8 ይራዘምላችኋል። የምትከፍሉት ካለ ግን ወለዱ ከሚያዝያ 7 ጀምሮ ይቆጠራል። ተመላሽ ካላችሁ ወደ አሜሪካ ባንካችሁ በቀጥታ እንዲገባ ቁጥሩን ቅጹ ላይ ሙሉ፤ ያንን አካውንት ተመላሹ እስኪገባ ድረስ አትዝጉት።